ፊሽካህን በጠመንጃ ለወጥኩት

አባዬ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ ደህና ነኝ እንዳልልህ ደግሞ ውሸቴን ከድምፄ እንደምትለይ አውቃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። የሙት ዓመትህን ተዝካር ሰሞኑን አወጣን። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነበር፤ ብትኖር ኖሮ ሽሮውን ወደ ራስህ ስበህ ምስሩን ለጎንህ ሰው ትገፋለት ነበር።

ዛሬ ቡሄ ነው። ደብረ ታቦር በስሟ ቀን እንዴት እንደምትሆን መቼም አትረሳውም። ከጠዋት ጀምሮ ጅራፉ ይጮኻል፤ ከላይ ሰፈር ሲጮህ ከታች ሰፈር ይመልሳል። እኔ ደግሞ ጅራፍ በጮኸ ቁጥር እስክሪብቶዬን አስቀምጬ፣ በሩን ከፍቼ አያለሁ። እማዬ «ምን ሆነሃል? ጅራፍ እኮ ነው» ትለኛለች። ጅራፍ መሆኑን አውቃለሁ። ያን ጊዜም ጅራፍ መሆኑን አውቄ ነበር፤ እሱ አይደል ጉዱ!

አንተ እያልኩ ስጽፍልህ ያየ ሰው «አባቱን አንተ ይላል እንዴ?» ብሎ ይታዘበኝ ይሆናል። የእብናቱ አጎቴ በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥቶኛል! አንተ ግን «ተወው፤ እሱ በአንቱ ካራቀኝ ማን ያቀርበኛል» ብለህ አፉን አስይዘኸዋል። ስለዚህ ዛሬም አንተ ነህ።

ቤቱን ልንገርህ። የደጃችን መንገድ ድንጋይ ተነጥፎለት ባጃጅ እስከ በራችን ይገባል። እማዬ «ለሱ ለታመመው ወገቡ ነበር እንጂ አሁን ለኔ ምን ያደርግልኛል» ትላለች። ካፖርትህን ለሰው ስጪው ብንላት እምቢ ብላ በየወሩ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ውሻህ ሲመሽ አሁንም አንተ ትጠብቀው የነበረው መጋዘን በር ሄዶ ይተኛል፤ አዲሱ ዘበኛ እንጀራ ይጥልለታል፤ ሲነጋ ወደ ቤት ይመለሳል። ፊሽካህ እማዬ በሰቀለችበት ምሰሶ ላይ አለ። በርጩማህም እኔ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ አጠገብ፣ አንተ በተውክበት ቦታ ነው። እኔም አላነሳሁት፣ እማዬም አላነሳችው። ነገሩ ሁሉ የጀመረው አንተ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠህ ሳለ ነው።

ሥራዬን ለአንተ አልነግርህም፤ ይህን ደብዳቤ ለሚያነብ ሌላ ሰው ግን ልናገር። እኔ ፊልም ተርጓሚ ነኝ። የውጭ አገር ፊልም እወስድና በአንድ ማይክ፣ ብቻዬን፣ በአማርኛ እናገርበታለሁ። ወንዱም እኔ፣ ሴቷም እኔ፣ ሕፃኑም እኔ፣ ሲያስፈልግ ፈረሱም እኔ። አንተ «አንድ አፍ ይዞ ሰፈር ሙሉ ሰው ይሆናል፤ የሚበላው ግን የአንድ ሰው ነው፣ ተመስገን» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የጨረስኩትን ለሙዚቃ ቤቶች እሰጣለሁ፤ እነሱ በፍላሽና በሚሞሪ ይጭኑታል፤ ከዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሻይ ቤት ውስጥ፣ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ይገባል። ተርጓሚ ማለት ደግሞ የተባለውን ብቻ የሚደግም አይምሰላችሁ። ፈረንጁ ዝም ባለበት እኛ እንናገራለን። ተረት እንጨምራለን፣ ስድብ እንጨምራለን፣ ሲያሰኘን እንፎክራለን። ሕዝቡ የሚወደውም የተጨመረውን ነው።

ያ ፊልም የአሜሪካ ባንክ ዘራፊዎች ታሪክ ነበር። ድሮ፣ አገራቸው በችጋር የተመታ ጊዜ፤ ፋብሪካው የተዘጋበት፣ የእርሻው አፈር በነፋስ የበነነበት፣ ባንክ ገበሬውን ከመሬቱ የሚነቅልበት ዘመን። አንድ የገበሬ ልጅ አባቱ ከመሬቱ ተነቅሎ በብስጭት ይሞትበታል፤ እሱም ጓደኞቹን አሰባስቦ ባንክ መዝረፍ ይጀምራል። መልኩ ያማረ፣ ባርኔጣው ዘንበል ያለ፣ ለድሃ የሚያዝን፣ እናቱን የሚወድ። እኔማ ገና ሳየው ወደድኩት። «ሌባ» ማለት አልሆነልኝም፤ «ሽፍታው» አልኩት። ሽፍታ ስትል እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው፤ ተበድሎ ጫካ የገባ ሰው ነው፤ ዘፈን አለው፣ ፉከራ አለው። በአንድ ቃል ካባ አለበስኩት።

አንተም ወደድከው፤ አትካድ። ሌሊቱን መጋዘን ስትጠብቅ አድረህ፣ እስከ እኩለ ቀን ተኝተህ፣ ከዚያ ጋቢህን እንደተከናነብክ መጥተህ በርጩማው ላይ ትቀመጣለህ። ያ ገበሬ አልጋውን፣ ዶሮዎቹን፣ የታመመች እናቱን አሮጌ መኪና ላይ ጭኖ ሲሄድ ዓይንህ እንባ ሞላ። «ይሄስ የኛው ነው» አልክ። ከዚያ የትውልድ ቀያችሁን የገሳይን ክፉ ዓመት አነሳህ፤ በረዶ ከጉና ተራራ ወርዶ ገብሱን ከመሬት ያስተኛበትን፣ ቀጥሎ ድንቹ የበሰበሰበትን፣ አንተ አህያ እየነዳህ እማዬ እኔን አዝላ ደብረ ታቦር የገባችሁበትን። «በረዶ የመታው ሰው ሁለት መንገድ ነው ያለው፤ አንዱ የሰው በር ይጠብቃል፣ አንዱ የሰው በር ይሰብራል» ብለህ ሳቅክ። እኔ ይህቺን ንግግርህን ወዲያው ሰርቄ ለሽፍታው ሰጠሁት። ደስ ብሎህ ጭኔን መታኸኝ።

ከዚያ ባንኩ ውስጥ ገቡ። በሩ ላይ ጢሙ የሸበተ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቆሟል። እጁን ወደ ወገቡ ላከ፤ ሽፍታው ተኮሰ፤ ዘበኛው ወደቀ። ካሜራው ወዲያው ወደ ሽፍታው ፊት ሄደ፤ እንባ አቅርሯል፤ መግደል አልፈለገም፤ ሙዚቃውም አብሮት ያዝናል። ከዚያ መኪና፣ ሩጫ፣ አቧራ። ያንተ ሐሳብ ግን ከዘበኛው አልተነሳም። «ያ ሰውዬ ምን ሆነ?» አልከኝ። ሞተ መሰለኝ አልኩህ። «ልጆች አሉት?» አልከኝ። እኔ ማይኬን እያስተካከልኩ፣ ፊትህን እንኳ ዞር ብዬ ሳላይ፣ «ተወው አባዬ፣ እሱ ምንም አይደለም፤ ለመሙያ የገባ ነው» አልኩህ።

ለመሙያ የገባ ነው! አፌን በቆረጠው። ለማን እንደምናገር እንኳ አላሰብኩም። ልብስህ የዘበኛ፣ ዱላህ የዘበኛ፣ እኔን አብልቶ ያሳደገኝ የዘበኛ እንጀራ!

ጋቢህን ሰብሰብ አድርገህ «እሱም እኮ ጠዋት ቁርሱን በልቶ ነው ከቤቱ የወጣው» አልክ። የሥራ ሰዓትህ ደርሶ ነበር፤ ፊሽካህን አንገትህ ላይ አጠለቅህና ወጣህ። የፊልሙን መጨረሻ ሳታየው ቀረህ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየህም። ፍልሰታ ገባ፤ የሰፈሩ ልጆች እንደ ልማዳቸው ጅራፍ መግመድ ጀመሩ። ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ወገግ ሲል፣ አልጋዬ ላይ ሆኜ ፊሽካህን ሰማሁ። መጋዘኑ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊሽካህን እየሰማሁ ነው የምተኛው፤ ስሰማው «አባዬ አለ» እላለሁ፣ መልሼ እተኛለሁ። ያን ዕለት ረዘም አለ። ቀጥሎ ጧ! አለ። ደግሞ ጧ! እኔም «እነዚህ ባለጌዎች፣ ዘንድሮስ ሳይነጋ ጀመሩት» ብዬ ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብኩ።

እማዬም ለካ ሰምታ ኖሯል፤ እሷም በልቧ ጅራፍ ነው ያለችው። ሰፈሩ በሙሉ ጅራፍ ነው ያለው። ሌላ ከተማ ቢሆን ሰው ብድግ ይል ነበር፤ ደብረ ታቦር ላይ፣ በፍልሰታ፣ ጧ ሲል ማን ይነሳል? መጋዘኑ በር ላይ ያገኙህ ለኪዳን የሚሄዱ ሴቶች ናቸው። የገደሉህ እነማን እንደሆኑ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከመጋዘኑ ይዘው የሄዱት ነገር የለም፤ ፊሽካህ አስደንግጧቸው ሸሹ ይላሉ። ቶሎ ተደርሶለት ቢሆን ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ የጠየቅሁት ሰው የለም። መልሱን ፈራሁት፤ አሁንም እፈራዋለሁ።

ለቅሶህ ላይ የሆነውን አታውቅም። እማዬን ታውቃታለህ፤ ሰው ፊት አትናገርም፤ ሰርግ ላይ እንኳ እልል ስትል አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያን ቀን ከሴቶቹ መካከል ተነሳች። ፊሽካህን በእጇ ይዛ እንዲህ አለች፦

ሰው አምኖት ተኝቶ እሱ ነቅቶ ሲያድር፣
ምነው ሲነጋበት አጋደሙት ከምድር።
ፊሽካህን ሰቅዬ ከቤቱ ምሰሶ፣
ማን ይነፋው ብዬ ቀረሁ በለቅሶ።

አልቃሿ እንኳ ዝም አለች። ከገሳይ የመጡት ዘመዶችህ ደረታቸውን ደቁ። ጎረቤታችን ሐጂ ኑሩ፣ ባለ ወፍጮው፣ ግድግዳ ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ። ከቀብር ስንመለስ እማዬ ፊሽካውን እንዳለችው ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

አርባህ ወጣ፤ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ያ ፊልም በጅምር ነበር። እዚያው መተው ይቻል ነበር፣ አልተውኩትም፤ አብረን የጀመርነው ስለሆነ ልጨርሰው ፈለግሁ። መጨረሻው ላይ ሽፍታው ከጓደኞቹ ጋር አንድ ጎተራ ውስጥ ይደበቃል። እነሱ ደክሟቸው ይተኛሉ፤ እሱ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠብቃቸው ያድራል፤ ሊነጋ ሲል ፖሊሶች ከበው ይገድሉታል። ሙዚቃ ብቻ ነው፤ አንድም ቃል የለም። ፈረንጁ ዝም ባለበት እኛ እንናገራለን አላልኩም? ማይኩ ክፍት ነበር። ከአፌ የወጣው የእማዬ ሙሾ ነው።

ሳላስበው ነው ልልህ ነበር። እውነት ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች ሳላስበው ነው የወጡት። ፊሽካው ላይ ስደርስ ግን አሰብኩ። ሽፍታ ፊሽካ የለውም። ስለዚህ «ጠመንጃህን ሰቅዬ» አልኩ፤ «ማን ይተኩሰው ብዬ» አልኩ። ዜማው እንኳ በቅጡ አልገጠመም። አባቱን በጥይት የገደሉበት ሰው፣ የአባቱን ፊሽካ ከምሰሶ አውርዶ ጠመንጃ ሰቀለ። ድምፄ ተሰበረ፤ ከልቤ ነው ያለቀስኩት፤ ያለቀስኩትም ለአንተ ነው። እንባውን የወሰደው ግን ሽፍታው ነው። ቀረጻውን መልሼ ስሰማው ደግሞ፣ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፣ «እንዴት ያምራል!» አልኩ።

ሌላውም ሰው እንደዚያው አለ። ፊልሙ ከደብረ ታቦር እብናት፣ ከእብናት ወዲያ ማዶ አገሩን አዳረሰ። አንድ ቀን ሚኒባስ ተሳፍሬ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ በእኔ ድምፅ፣ ለዚያ ዘራፊ ስታለቅስ አየኋት። እኔ ነኝ የተረጎምኩት ብዬ ነገርኳት እኮ! እጄን ሳመችኝ። ልጆች ሰፈር ውስጥ ዱላ እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ አድርገው ሙሾውን እያዜሙ ሲሄዱ ደረቴን ነፋሁ። የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ «እንደዚያ ያሉ ሽፍቶች አምጣልን» አለኝ፤ ሌላ አመጣሁለት፤ ከዚያም ሌላ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

እማዬ ፊልም አታይም። በመጋቢት ገብስ ልታስፈጭ ሐጂ ኑሩ ዘንድ ሄደች። ሐጂ ኑሩ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እንዳይሰለቻቸው ብለው ቴሌቪዥን ሰቅለዋል። ወፍጮው ለአፍታ ቆም ሲል የራሷን ለቅሶ ሰማች፤ ያውም በልጇ ድምፅ። ሴቶቹ ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ለማን ነው የምታለቅሱት ብላ ጠየቀቻቸው። «ለአንድ ምስኪን ሽፍታ ነው እትዬ፤ ከባንክ ወስዶ ለድሃ ሲሰጥ ገደሉት» አሏት። ገብሷን ሳታስፈጭ ተሸክማ ወደ ቤት መጣች።

ሸክሟን ደጃፉ ላይ አውርዳ አየችኝ። አልጮኸችም። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል እሰማ ነበር፤ አንተ ደግሞ ለገራፊው ማልቀሻ የኔን አፍ አዋስከው» አለችኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ አላናገረችኝም። ራቴን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥባለች፣ ሳስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ትላለች ለውሻው እንደምትናገር ዞር ብላ፤ ለእኔ ተብሎ የተነገረ ቃል ግን የለም። ቤታችን ጠባብ እንደሆነ ታውቃለህ። በዚያ ጠባብ ቤት አራት ወር ሙሉ ስንተላለፍ ከረምን።

የከፋው እሱ አይደለም። ከፋሲካ በኋላ ከሴቶች ጋር ገሳይ፣ መቃብርህ ዘንድ ሄዳ ነበር። ልታለቅስልህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አብረዋት የነበሩት ነገሩኝ፤ «ሙሾው ሲመጣልኝ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ከፊቴ ይቆማል» አለች አሉ። ገባህ አባዬ? ሚስትህ ለአንተ የምታለቅስበትን ቃል አጣች። ሙት ዓመትህ እየመጣ ነበር፣ እሷ አፏን ዘግታ ልታወጣው ነበር፤ ቃሏን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። የገደሉህ ሰዎች ከመጋዘኑ አንዲት ፍሬ እህል አልወሰዱም፤ የዘረፍኩህ እኔ ሆንኩ።

ያን ሰሞን የሠራኋቸውን ፊልሞች በሙሉ እንደገና ከፍቼ አየሁ። ዘራፊው እናት አለው፣ የልጅነት ጓደኛ አለው፣ ጥርሱን ሲያመው እናያለን፣ ሲያፈቅር እናያለን። ዘበኛው ምን አለው? ሲወድቅ የምትንከባለል ቆብ። ለአንዱ ሙሉ ሕይወት እንሰጠዋለን፣ ለሌላው የምንሰጠው ጥይት ብቻ ነው፤ ከዚያ «ሽፍታው አሳዘነኝ» እንላለን። እንዴት አያሳዝነን? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ይላሉ፣ የኛ ደግሞ ይብሳል፤ ቁስለኛውን ከሥዕሉ አውጥተነዋል። አየህ፣ ለተራበ ማዘን ኃጢአት ነው አልልም። አንተም ለዚያ ገበሬ ዓይንህ እንባ ሞልቷል፣ ልክም ነበርክ። አንተ ግን ለገበሬውም አዘንክ፣ ለዘበኛውም ጠየቅህ። እኔ ሐዘኔን አንዱ ጋ ጨረስኩት።

አንዳንዴ የገደሉህን ሰዎች አስባለሁ። ምናልባት እነሱንም በረዶ መትቷቸው ይሆናል። ምናልባት አንደኛው እናቱ ታማበት ይሆናል፤ ሲተኩስ እጁ ተንቀጥቅጦ ይሆናል። አንድ ቀን አንድ ሰው ፊልም ቢሠራላቸው፣ ሙዚቃውን ቢያሳምረው፣ ከአንተ ላይ ካሜራውን ቶሎ ቢያነሳው፣ እኔም ተቀምጬ አለቅስላቸው ይሆናል። ይህ ነው የሚያስፈራኝ።

ሐምሌ ላይ ሐጂ ኑሩን አስታርቁኝ ብዬ ለመንኳቸው። «ቴሌቪዥኑን የሰቀልኩት እኔ፤ የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው» ብለው የንስሐ አባታችንን ይዘው መጡ። ቄሱና ሐጂው መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ ደጅ ቆምኩ። ዝናቡ ይወርዳል። እማዬ በበሩ ብቅ ብላ አየችኝና «አውርደው! እንደ አባትህ ወገብህን ታመህ ማን ሊያሽህ ነው?» አለችኝ። ከአራት ወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው፤ ከነቁጣው ጣፈጠኝ።

ቄሱ ይቅር በዪው አሏት። «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ልጄ አይደል? ግን ለቅሶዬን ይመልስልኝ» አለች። በሬ ቢሆን ይመለሳል፣ መሬት ቢሆን ይመለሳል፤ ለቅሶ በምን ይመለሳል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሐጂ ኑሩ ጢማቸውን እያሻሹ «እንግዲህ ባወጣበት በር ያስገባው» አሉ። እማዬም «እሱን እሱ ያውቃል» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ባወጣሁበት በር ላስገባ ፊልሙን እንደ አዲስ ተረጎምኩት። ሰውዬውን ሽፍታ ማለት ትቼ በስሙ ጠራሁት። የአባቱን ሐዘን አልቀነስኩበትም፤ ገበሬው ሲነቀል አንተ ባዘንከው መጠን አዘንኩ። ባንኩ ውስጥ ገብተው ዘበኛው ሲወድቅ ግን ምስሉን አቆምኩት። በኛ ሥራ እንዲህ አይደረግም፤ ሰው ይሳደባል። አቆምኩት። ሽማግሌው ወለሉ ላይ፣ ቆቡ ከጎኑ። «ይህ ሰው ዘበኛ ነው። ጠዋት ቁርሱን በልቶ ነው ከቤቱ የወጣው» አልኩ። ያንተው ቃል ነው። ከዚያ ፊልሙን ለቀቅሁት። መጨረሻው ላይ ዘራፊው ሲሞት ዝም አልኩ፤ ሙዚቃው ብቻውን ሄደ።

ሰው ወደደው እንዳልልህ። የሙዚቃ ቤቱ ሰውዬ «ኧረ በፈጠረህ! ፍላሹ ተበላሽቷል፣ እዚህ ጋ ይቆማል እያሉ እየመለሱልኝ ነው» ብሎ ጮኸብኝ። የድሮውን ነው የሚፈልጉት። ትናንት እንኳ አንድ ባለ ባጃጅ «ጠመንጃህን ሰቅዬ» እያለ በደጃችን አለፈ። እሱን ከእንግዲህ የትም ሄጄ አልሰበስበውም፤ ከእኔ ጋር የሚኖር ነገር ነው።

የሙት ዓመትህ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ምስሩ ተለቅሞ ካለቀ በኋላ፣ እማዬ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ክፍሌ ገባች። በርጩማህ ላይ ተቀመጠች። ካንተ በኋላ ሰው ሲቀመጥበት የመጀመሪያው ነው። «ያን ነገር አሳየኝ» አለች። ከፈትኩላት። የገበሬው አልጋ መኪና ላይ ሲጫን ከንፈሯን መጠጠች፤ «እኛ እንኳ አህያ ነበረን» አለች። ከዚያ ባንኩ መጣ፣ ተኩሱ መጣ፣ ምስሉ ቆመ። እኔ ስቀርጽ ያልኩት ቃል ተሰማ። እጄን ሰድጄ ኮምፒውተሩን እዚያው ላይ ያዝኩት፤ እንዲቀጥል አልፈለግሁም። መኪናው የለም፣ አቧራው የለም፣ ሙዚቃው የለም፤ ያ ሽማግሌ ብቻ። እማዬ ትክ ብላ አየችው። አንተ የጠየቅኸኝን ለእሷም ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ ግን፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «ልጆች አሉት?» አለችኝ።

ዞር ብዬ ፊቷን አየሁ፤ ያን ጊዜ ያንተን ሳላይ ነበር የመለስኩልህ። «አንድ አለው። ፊሽካውን ሰምቶ የተኛ» አልኳት።

እማዬም «ሚስቱም ሰምታ ተኝታለች» አለች።

ዓመት ሙሉ ይህን ለብቻዋ ይዛው ኖራለች አባዬ። እኔ ለብቻዬ፣ እሷ ለብቻዋ፣ በአንድ ጠባብ ቤት። ተነስታ ወደ ሳሎን ሄደች፤ ተከተልኳት። ፊሽካህን ከምሰሶው አወረደችው፣ በእጇ መሀል ጨበጠችው፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ጀመረች፤ «ሰው አምኖት ተኝቶ...»። ፊሽካህ ጋ ስትደርስ «ፊሽካህን» አለች። ባርኔጣ ያደረገ ሰው መጣባት አልመጣባት አልጠየቅኋትም፤ ሳትቋረጥ ግን እስከ መጨረሻው ሄደች። በማግሥቱም ሰው በተሰበሰበበት ደገመችው። ከእብናት የመጣው አጎቴ፣ ያ ቁጡው፣ እየተነፋረቀ ወጣ።

እንግዲህ ጥያቄህን ዘግይቼም ቢሆን መለስኩልህ። ፊልም መተርጎሜን አልተውኩም፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ነገር ግን ከዛሬ ወዲያ በእኔ ድምፅ በሚሄድ ፊልም ላይ ዘበኛ ይውደቅ፣ ሾፌር ይውደቅ፣ ስም የሌለው መንገደኛ ይውደቅ፣ ምስሉ ይቆማል። ተበላሽቷል ይበሉ። እኔ አንተን የማስብህ እዚያ ላይ ነው፤ እስካለሁ ድረስም እዚያ ላይ አስብሃለሁ።

አሁንም ከታች ሰፈር አንድ ጧ አለ። ጅራፍ ነው፣ አውቃለሁ። ቆየኝ አባዬ፣ በሩን ከፍቼ ልምጣ።